ትልቅ የጨው ውሃ አኳሪየም በጎንደር ቤት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ትንሽ የጨው ውሃ ገንዳ ይዘው ወደ ሺህ ሊትር ማደግ የሚያስቡ፣ ወይም ከዜሮ ተነስተው በትልቁ መጀመር የፈለጉ የጎንደር ሰዎች የሚያነሷቸው ናቸው። ስሌቱ ሁሉ የተሠራው ርዝመቱ 200፣ ወርዱ 80፣ ቁመቱ 65 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ገንዳ ነው፤ እስከ አፉ ቢሞላ 1,040 ሊትር ይይዛል። የእርስዎ ገንዳ ከዚህ ከተለየ ቁጥሩን በዚያው ልክ ከፍና ዝቅ ያድርጉት።

ባሕር በሌለበት ደጋ የባሕር ዓሣ ማኖር ይቻላል?

ይቻላል። ጨው በባልዲ ይመጣል፣ ውሃ ይጣራል፣ ሙቀት በማሞቂያ ይያዛል። ጎንደር ላይ ሥራውን የሚያከብዱት ሌሎች ሦስት ነገሮች ናቸው፦ መብራት መጥፋቱ፣ ውሃ በፈረቃ መምጣቱና የከተማው ከፍታ። ገንዳ ከመግዛትዎ በፊት ለሦስቱም መልስ ይኑርዎት፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ ለመብራቱ። ለመብራት መጥፋት ያልተዘጋጀ ሰው ሺህ ሊትር ባይጀምር ይሻለዋል።

ትልቅ ገንዳ ከትንሽ ይቀላል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ውሃው በበዛ ቁጥር ለውጥ ይዘገያል። አንድ ዓሣ ከድንጋይ ሥር ሞቶ ቢበሰብስ፣ መቶ ሊትር ውስጥ ባንድ ሌሊት ሌሎቹን የሚፈጅ አሞኒያ ሺህ ሊትር ውስጥ ይሳሳል። ሙቀቱም ቶሎ አይወርድም።

ሌላው ግማሽ ወጪው ነው። አንድ አሥረኛውን ውሃ መቀየር ማለት 100 ሊትር መቀየር ነው፤ ይህም ወደ 3.7 ኪሎ ጨው ይፈልጋል። በየሁለት ሳምንቱ ከቀየሩ በዓመት ወደ 95 ኪሎ ይሄዳል፤ ጨዉ ደግሞ ከውጭ በምንዛሪ የሚገባ ነው። የመጀመሪያውን ግዢ ብቻ አስልተው የገቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት ገንዳውን ለሽያጭ ያወጡታል።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወለሉ ይችለዋል?

እናስላው። ውሃው አንድ ቶን ያህል ነው። በ15 ሚሊ ሜትር መስታወት የተሠራው ገንዳ ራሱ 200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ድንጋዩ፣ አሸዋውና የብረት መቆሚያው ሲጨመሩ፣ ከታች የሚቀመጠውን ሳምፕ (ውሃው ወርዶ የሚጣራበትንና በፓምፕ ወደ ላይ የሚመለስበትን ትንሽ ገንዳ) ሳንቆጥር እንኳ ከ1.4 ቶን አያንስም። ይህ ሁሉ የሚያርፈው 1.6 ካሬ ሜትር ላይ ነው፤ በካሬ ወደ 900 ኪሎ መሆኑ ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚሰላው በካሬ 200 ኪሎ ገደማ ተንቀሳቃሽ ጭነት እንዲሸከም ነው። ስለዚህ የሕንፃውን ንድፍ አይቶ በጽሑፍ የሚፈርም መሐንዲስ ካላገኙ ፎቁን ይርሱት። «ጎረቤቴ ፍሪጅና ቁም ሳጥን አስቀምጦ ምንም አልሆነም» የሚለው እዚህ አይሠራም።

ምድር ቤትም ቢሆን ወለሉን ይዩት። በብዙ የድሮ ቤቶች ሊሾው በተጠቀጠቀ አፈር ላይ የተለቀለቀ ስስ ሲሚንቶ ነው፤ በገንዳው እግር ሥር ይሰነጠቅና አንዱ ጥግ ይሰምጣል። በዚያ ቦታ ሊሾውን አስነስቶ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል በፌሮ የተሠራ ኮንክሪት ማስሞላት የአንድ ቀን ሥራ ነው። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ገንዳውን ቢያንስ በአንድ ክንድ ያርቁት፤ የሚረጨው የጨው ውሃ ምርጉን ይበላዋል።

መስታወቱን እዚሁ ማሠራት እችላለሁ?

ጥሩ ባለሙያ ካለ ይቻላል፤ ግን አልሙኒየምና መስታወት የሚሠራ ሁሉ አኳሪየም ይሠራል ማለት አይደለም። ውሃው የፊተኛውን መስታወት ብቻ ወደ 430 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይገፋዋል። ለመስኮት የሚሸጠው 4 እና 6 ሚሊ ለዚህ አይታሰብም። ላይኛው ጠርዝ ዙሪያውንና መሀሉን በመስታወት ማጠናከሪያ የታሰረ ከሆነ 15 ሚሊ ይበቃል። ሲሊኮኑ ለአኳሪየም የተሠራ ይሁን፤ ለመታጠቢያ ቤትና ለመስኮት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ሻጋታ የሚከላከል መርዝ አለበት፣ ዓሣንም ይገድላል። ከተጣበቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይድረቅ፤ የኮምጣጤ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ውሃ አይንካው።

ቤት ከመግባቱ በፊት ግቢ ውስጥ ሞልተው ለጥቂት ቀናት ያቆዩት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አንድ ቶን ውሃ ለሙከራ ማፍሰስ እንደሚያሳዝን አውቃለሁ፤ ልብስ የሚታጠብበት ሳምንት ላይ ያድርጉትና ውሃው ለዚያ ይዋል።

መቆሚያውን ወፍራም አርኤችኤስ ብረት አስቆርጠው ያስበይዱ፣ አንቲረስት ደጋግመው ያስቀቡት፣ ላዩ ላይ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ከዚያም ስስ ፎም ያንጥፉ። ባዶውን በውሃ ልክ ይለኩት፤ ሩብ ያህል ሞልተው እንደገና ይለኩት። አራቱ ማዕዘን ላይ ከመስታወቱ ጫፍ እስከ ውሃው ገጽ ያለው ርቀት እኩል ካልሆነ አሁኑኑ አውርደው ያስተካክሉ። ሲሞላ ማንም አያነሳውም።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል?

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰጋው ስለ ቅዝቃዜው ነው። ዓሣውን ቀድሞ የሚገድለው ግን የኦክስጅን ማጣት ነው። ፓምፑ ሲቆም የውሃው ገጽ ይረጋል፣ አየር መግባቱ ያቆማል፣ በውስጡ ያሉት ዓሦችና ባክቴሪያዎች ግን መተንፈሳቸውን ይቀጥላሉ። ዓሣ በበዛበት ገንዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ሲዘጉ ያያሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ እንቅስቃሴ፣ ቀጥሎ ሙቀት፣ ብርሃን መጨረሻ።

መብራት ሲሄድ በራሱ የሚነሳ ባለ ባትሪ የአየር ፓምፕ ርካሹና የመጀመሪያው መከላከያ ነው። ሁለት ይኑርዎት፤ አንዱ ሲፈለግ እንቢ ማለቱ የታወቀ ነው። ቀጥሎ ባትሪና ኢንቨርተር። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ከሆነ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ይጠቀሙ። ያ 600 ዋት-ሰዓት 20 ዋት የሚስብ አንድ ሞገድ ፓምፕ (ገንዳው ውስጥ ሆኖ ውሃውን የሚያናውጥ)፣ ኢንቨርተሩ የሚበላው ተቀንሶ እንኳ፣ አንድ ሙሉ ቀን ያህል ያንቀሳቅሳል። ፓምፑን ሁሉ ካንጠለጠሉበት ግን ሦስት ሰዓት አይሞላም። ሻጮች «ሙሉ ገንዳውን ይሸከማል» ሲሉ የማይነግሩን ይኼን ነው።

ከአንድ ቀን በላይ ለሚጠፋ መብራት ጄኔሬተር ወይም ሶላር ያስፈልጋል። ጄኔሬተር ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ፤ በረንዳ ላይ ማስነሳት ለቤተሰቡም ለገንዳውም አደጋ ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ ትልቅነቱ እዚህ ይክሳል። የጎንደር ሌሊት ቢበርድም የሺህ ሊትር ውሃ ሙቀት በሰዓት ከግማሽ ዲግሪ በላይ አይወርድም። ገንዳውን በጋቢና በብርድ ልብስ ይጠቅልሉት፣ ላዩን ግን አየር እንዲገባ ክፍት ይተዉት። ከሰል ወይም ጋዝ ካለዎት ውሃ ያሙቁና በሃይላንድ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው ሳምፑ ውስጥ ያንሳፍፉ። መብራት በጠፋበት ሰዓት ምግብ አይስጡ፤ መፈጨቱም መበስበሱም ኦክስጅን ይበላል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። መብራት ሲጠፋ በቱቦው ውስጥና በላይኛው ገንዳ ከመፍሰሻው አፍ በላይ ያለው ውሃ ሁሉ ወደ ሳምፑ ይወርዳል። ሳምፑ ሁልጊዜ እስከ አፉ ሞልቶ የሚሠራ ከሆነ ሳሎኑ ይጥለቀለቃል። የመመለሻ ቱቦው ጫፍ ከውሃው ገጽ ብዙ አይጥለቅ፤ ከገጹ ጥቂት ዝቅ ብሎ አየር መሳቢያ ቀዳዳ ይብሱለት፤ ቀዳዳው በአልጌ እንዳይደፈን በየጊዜው ይፈትሹት። የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ላይ ብቻ አይተማመኑ። ዓሣ ከመግባቱ በፊት ሶኬቱን ራስዎ ነቅለው ውሃው የት እንደሚቆም ይዩ፣ ያቺን መስመር በማርከር ያስምሩባት፣ ከዚያ በላይ አይሙሉ።

መብራት ሲመለስም ጣጣ አለው። ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ስለሚል ስታቢላይዘር ያስገቡ። በዚያው መስመር ላይ ምጣድ ካለ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ፓምፑ ድምፁን ይቀይራል፤ ለገንዳው ከቆጣሪው የተለየ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስጎትቱ። ኤሌክትሪሻኑ ንዝረት ሲያገኝ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ይግጠምበት፤ የጨው ውሃ ኤሌክትሪክን አብልጦ ያስተላልፋል። ዲቫይደር መሬት ላይ አይቀመጥ። ገመዶቹ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ተንጠልጥለው ይመለሱ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ ከታች ይንጠባጠባል።

በወር ስንት ይቆጥራል?

ፓምፖቹና ስኪመሩ (በአየር አረፋ ከውሃው ቆሻሻ የሚያወጣው ዕቃ) አንድ ላይ 210 ዋት ቢስቡ በቀን 5 ኪሎዋት-ሰዓት ይሆናል። ባለ 300 ዋት ኤልኢዲ 10 ሰዓት ቢበራ 3። ማሞቂያው እንደ ወቅቱ ከ4 እስከ 6። በድምሩ በወር ወደ 400 ኪሎዋት-ሰዓት ይጠጋል። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ከፍ የሚል ስለሆነ ገንዳው የቤቱን ሌላ ፍጆታም ይዞት ወደ ላይ ይወጣል። ዕቃ ከውጭ የሚያስመጡ ከሆነ 220 ቮልት 50 ኸርዝ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ባለ 110 ነው።

ከፍታው ለዓሣው ችግር ያመጣል?

ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አራት እጅ እንኳ አይሞላም። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ በባሕር ጠረፍ በሊትር ወደ 6.7 ሚሊግራም ኦክስጅን መያዝ ይችላል፤ እኛ ዘንድ ያው ውሃ ከ5.2 ብዙ አያልፍም። ዓሣው ይኖርበታል፣ ነገር ግን ትርፉ ትንሽ ነው። የውጭ መመሪያዎች «በዚህ መጠን ይህን ያህል ዓሣ» የሚሉት በባሕር ጠረፍ ስሌት ነውና ሩቡን ይቀንሱ። ስኪመሩ አንድ ደረጃ ተለቅ ያለ ይሁን፣ ሞገድ ፓምፖቹ የውሃውን ገጽ ያናውጡ፣ ሙቀቱም ከ25 አይለፍ፤ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው አየር ያንሳል።

የቧንቧ ውሃ በቀጥታ ልጠቀም? የዝናብ ውሃስ?

ሁለቱንም በቀጥታ አይጠቀሙ። የቧንቧው ክሎሪን አለበት፤ ክረምት ላይም ደለል ይዞ ይመጣል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው ዝናብ ዚንክ ያጥባል፤ ዚንክ ደግሞ ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣና ኮራል ይፈጃል። የሚያስፈልገው አርኦ ማጣሪያ፣ ማለትም ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ የሚያጠራ ነው፤ ከፊቱ የደለልና የካርቦን ፊልተር፣ ከኋላው የተረፈውን ማዕድን የሚይዝ የዲአዮናይዜሽን ሬዚን ያለው። የወጣው ውሃ የሟሟ ማዕድን በሚለካው መለኪያ ላይ ዜሮ ማንበብ አለበት።

ማጣሪያው ግፊት ይፈልጋል፤ የሰፈራችን ቧንቧ ግን ብዙ ጊዜ የሚንጠባጠብ ነው። መፍትሔው ሮቶ ሞልቶ በትንሽ ፓምፕ ወደ ማጣሪያው መግፋት ነው። አንድ ሊትር ንጹሕ ለማግኘት ሦስት ሊትር ያህል ይወገዳል፤ ይህ የሚወገደው ገና ጨው ያልነካው ስለሆነ ለልብስ፣ ለመጸዳጃ ቤት፣ ለጓሮ ጎመን ይሆናል። በሁለት ሳምንት ለቅያሬ 100 ሊትር፣ ለሚተነው ደግሞ ሌላ ከመቶ በላይ ያስፈልግዎታል፤ ከሮቶ የሚወጣው በድምሩ 850 ሊትር ይጠጋል። በበጋው ደረቅ አየር ከዚህም ይበልጣል። ውሃ ሲተን ጨዉ እዚያው ይቀራልና የተነነውን የሚተኩት ጨው በሌለው በተጣራ ውሃ ነው።

ከአፋር የሚመጣው ጨው እያለ ለምን ከውጭ እንገዛለን?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዘመናት አሞሌ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ጎንደር ገበያ ሲደርስ የኖረ ነው። ችግሩ አሞሌም ሆነ ለገበታ የሚሸጠው የአፍዴራ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ መሆኑ ነው። በአንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ጨው አለ፤ 30 ግራም ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። ቀሪው አምስት ግራም ነው ልዩነቱ፦ ሰልፌት 2.7፣ ማግኒዥየም 1.3፣ ካልሲየምና ፖታሲየም እያንዳንዳቸው 0.4 ገደማ። ያለ እነሱ ኮራል አጥንቱን መሥራት አይችልም፣ የውሃውም ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) አይረጋም። የገበታው ጨው በዚያ ላይ አዮዲን ተጨምሮበታል። በቤት ውስጥ እየመዘኑ ለመቀመም የሚሞክሩ አሉ፤ ንጹሕ ኬሚካል ገዝተው ሲጨርሱ ዋጋው ከተዘጋጀው ጨው አያንስም።

ከጅቡቲ የባሕር ውሃ ማስጫንም ይነሳል። አንድ ቶን ውሃ በመኪና አስጭኖ ይህን ሁሉ አቀበት ማስወጣት፣ ከዚያም በየሁለት ሳምንቱ መድገም፤ ሒሳቡን ለእርስዎ እተዋለሁ።

የጣና ዓሣ ማስገባትስ?

ቆሮሶም ሆነ የጣና ነጭ ዓሣ የጣፋጭ ውሃ ፍጥረት ነው፤ በባሕር ጨው ውስጥ አይኖርም። የጣናን ዓሣ ከወደዱ ሌላ ገንዳ ይሥሩለት፤ እሱም ያምራል፣ ወጪውም በጣም ያንሳል።

ውሃውን ሞልቼ ዓሣ መቼ ላስገባ?

ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠብቁ፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪሰፍሩ ነው። ጥቂት አሞኒያ ይጨምሩና በየሁለት ቀኑ ይለኩ። የጨመሩት አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ዜሮ ሲያነብ፣ ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ዝግጁ ነው። በዚህ ወቅት ብርሃኑን ያጥፉት፤ አልጌን ከመቀለብ በቀር ጥቅም የለውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

አሁን 300 ሊትር ገንዳ አለኝ። ወደ ትልቁ እንዴት ልዛወር?

ቦታ ካለ አዲሱን ጎን ለጎን አቁመው ቀስ ብሎ ማዛወር ይመረጣል። ብዙ ሰው ግን ያለው አንድ ግድግዳ ነው፤ ያን ጊዜ ሥራው ባንድ ቀን ያልቃል፤ ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ መብራት ይቆረጣል ከተባለበት ቀንም ይራቅ።

ከቀናት በፊት አዲሱን የጨው ውሃ በንጹሕ ሮቶ ያዘጋጁ። 700 ሊትር ያህል ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ በፓምፕ ይዙር፣ ሙቀቱ 25 ይድረስ፣ ጨዉ በሪፍራክቶሜትር (በጨው መጠን መለኪያው) 35 በሺህ ወይም 1.026 ይንበብ። ከአሮጌው ገንዳ ጋር ልዩነት ካለ አሮጌውን በሳምንቱ ውስጥ ቀስ በቀስ ያቀራርቡት።

«አሮጌው ውሃ ባክቴሪያ ስላለው አይጣል» የሚል ምክር ተደጋግሞ ይሰማል። ባክቴሪያው የሚኖረው በድንጋዩና በፊልተሩ ላይ ነው፤ ውሃው ውስጥ ያለው ጥቂት ነው። አሮጌውን ውሃ የምናዛውረው ጨው ለመቆጠብ ነው፤ የላይኛውን ጥሩውን ይቅዱ፣ የታችኛውን ድፍርስ ይተዉት።

አሮጌው አሸዋ ግን እንዳለ አይዛወር። ሲነካ የሚወጣው ጥቁር ደለልና የተበላሸ እንቁላል ሽታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ አዲሱን ገንዳ ባንድ ቀን ይመርዘዋል። አዲስ አሸዋ አጥበው ያስገቡና ከአሮጌው የላይኛው ክፍል አንድ ስኒ ብቻ ለዘር ይጨምሩ።

አወጣጡ፦ ቀድመው ኮራሎቹን፣ ቀጥሎ ድንጋዩን፣ ዓሦቹን መጨረሻ። ድንጋይ እያለ ዓሣ ማሳደድ ለሁለታችሁም መከራ ነው፤ ውሃው ዝቅ ሲል ራሳቸው ይያዛሉ። እያንዳንዱን ክዳን ባለውና የአየር ፓምፕ በገባበት ባልዲ ያኑሩ። ታንግ የሚባሉት ዓሦች ጭራቸው ሥር ስለት ስላላቸው መረብ ውስጥ ይጠላለፋሉ፤ እጅዎንም ይቆርጣሉ። በላስቲክ ሳፋ ወይም በሰፊ ወንፊት ይዝገኗቸው።

ድንጋዩ እርጥብ እንደሆነ ይቆይ። አዲሱ ገንዳ ውስጥ አሸዋ ከመፍሰሱ በፊት በቀጥታ በመስታወቱ ወለል ላይ ይደርደር፤ አሸዋ ላይ ከተቀመጠ የሚቆፍር ዓሣ ሥሩን ፈልፍሎ ይጥለዋል። ከዚያ አሸዋው፣ ከዚያ ውሃው በሳህን ላይ እየተንቆረቆረ። ፓምፑ ተነስቶ፣ ሙቀቱ ተመልሶ፣ በውሃው ውስጥ ወዲያ ማዶ ያለው ግድግዳ ሲታይ ዓሦቹ ይግቡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አሞኒያ በየቀኑ ይለኩ፣ ምግብ በግማሽ ይቀንሱ። ቢያንስ ለአንድ ወር አዲስ ዓሣ አይግባ፤ ገንዳው ባዶ መስሎ ስለሚታይ ፈተናው ያለው እዚህ ነው።

የትኞቹን ዓሦች ትመክራላችሁ?

በእርባታ የተገኙትን። ከባሕር ከተያዙት ይልቅ ደረቅ ምግብ ይለምዳሉ፣ መንገድም ይችላሉ። ክላውንፊሽ በእርባታ መገኘት ከጀመረ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል፤ ቢጫ ታንግም እ.ኤ.አ. በ2015 ሃዋይ ውስጥ በእርባታ ተሳክቷል። አንድ ጥንድ ክላውን፣ አንድ ቢጫ ታንግ፣ ጎቢና ብሌኒ ከሚባሉት ትናንሽ ዓሦች ጥቂት ለመጀመሪያ ዓመት ይበቃሉ። ረጋ ያሉት ቀድመው፣ ጉልበተኞቹ መጨረሻ ይግቡ።

በልጆች ፊልም የታወቀው ሰማያዊ ታንግ ሲገዛ አውራ ጣት ቢያክልም 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ሺህ ሊትር ለእሱ ዝቅተኛው ነው። ሶሃል ታንግ የቀይ ባሕር ልጅ ነው፤ መልኩ እጅግ ያምራል፣ ጠባዩ ግን ገንዳውን ብቻውን ካልያዘ የማይተኛ ነው። የቀይ ባሕር ውሃ ጨዋማነቱ ወደ 40 በሺህ ይደርሳል፤ ከዚያ የመጣ ዓሣ ሲገዙ ሻጩ በስንት እንዳኖረው ይጠይቁ።

ሻርክ? አይሆንም።

ዓሣው ጎንደር እንዴት ይደርሳል?

በአየር፣ በአዲስ አበባ በኩል። ከአዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ለዓሣ አይመከርም፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ የሚሆነው ይታወቃል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀትና የማስገቢያ ፈቃድ በማን ስም እንደሚወጣ ይጣራ። ድንጋያማ ኮራሎች፣ የባሕር ፈረሶችና ግዙፍ የባሕር ዛጎሎች ለመጥፋት የተጋለጡ ፍጥረታትን ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ዓለም አቀፍ ስምምነት የተመዘገቡ ናቸው፤ ኢትዮጵያ ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ አባል ናት፤ በዱር እንስሳት በኩል ጉዳዩን የሚይዘው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ያለ ወረቀት የመጣ ኮራል ጉምሩክ ላይ ይቀራል።

ከባሕር ጠረፍ የታሸገ ከረጢት ደጋ ሲወጣ ይነፋል፤ በውስጡ ያለው ጋዝ ከሩብ በላይ ይጨምራል። ላኪው ከረጢቱን እስከ ጥግ እንዳይነፋው ያሳስቡት።

ሲደርስ ደግሞ ጥንቃቄ። ከረጢቱ ውስጥ ዓሣው ያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤቹን ዝቅ ስለሚያደርገው የተጠራቀመው አሞኒያ ብዙም አይጎዳም። ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሳል፣ አሞኒያው በደቂቃዎች መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ረጅም መንገድ የመጣን ዓሣ ከፍቶ ለሰዓታት በጠብታ ማለማመድ ስህተት ነው። ከረጢቱን ሳይከፍቱ አንሳፈው ሙቀቱን ያመሳስሉ፣ የማቆያ ገንዳውን ጨው ከላኪው ጋር አስቀድመው ያስተካክሉ፣ ከፍተው ወዲያው ያስገቡ፣ የከረጢቱን ውሃ ይድፉት።

ማቆያ ገንዳ የግድ ነው?

ሺህ ሊትር ላለው ሰው የግድ ነው። ነጭ ነጠብጣብ የሚያመጣው ጥገኛ ትልቁ ገንዳ ውስጥ ከገባ ዓሦቹን በሙሉ አውጥቶ ገንዳውን ከ70 ቀን በላይ ያለ ዓሣ ማቆየት ነው። የሚያድነው የመዳብ መድኃኒት ኮራልና ሽሪምፕ ባለበት አይፈስም። መቶ ሊትር ባዶ ገንዳ፣ አንድ ፊልተር፣ ጥቂት የፕላስቲክ ቱቦ መደበቂያ፤ ለአዲስ መጤ ሁሉ አንድ ወር።

ኮራል መቼ?

ቢያንስ ከስድስት ወር በኋላ፣ ለስላሳዎቹን ቀድመው። አልካሊኒቲ (ውሃው ፒኤቹን አጽንቶ የሚይዝበት አቅም) በዲኬኤች መለኪያ 8 ወይም 9፣ ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም፣ ማግኒዥየም 1,300 ገደማ ይሁን፤ ከቁጥሩ ይልቅ አለመዋዠቁ ይበልጣል። ካልሲየም ለመሙላት ርካሹ መንገድ የኖራ ውሃ ነው፤ የፋሲል ግንብን ድንጋይ ያያዘው ያው ኖራ ማለት ነው። ከግንባታ ዕቃ መደብር የሚገዛውን ግን አይጠቀሙ፣ ብዙ ቆሻሻ አለበት፤ ለምግብ ደረጃ የተሠራ ይፈልጉ። ፒኤቹ ከ12 በላይ ስለሆነ በጠብታ፣ በተለይም ሌሊት ይጨመራል።

ሳሎን ውስጥ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ይጎዳል?

ቡናውን ማንም አይከለክልዎትም። ነገር ግን ስኪመሩ ከክፍሉ አየር እየሳበ ውሃው ውስጥ ስለሚበትን የከሰሉ ጋዝና የዕጣኑ ጭስ ቀጥታ ይገባል፣ ፒኤቹም ይወርዳል። የስኪመሩን የአየር ቱቦ በመስኮት በኩል ወደ ውጭ ያውጡት፤ ረከቦቱም ከገንዳው ትይዩ ጥግ ይሁን።

የሚያስፈራው ፍሊት ነው። ለትንኝና ለበረሮ የሚነፋው መርዝ ዓሣንም ሽሪምፕንም ይፈጃል፤ ገንዳው ባለበት ክፍል በፍጹም አይነፋ። በቫዝሊን፣ በሎሽን ወይም በኦሞ የተነካ እጅም ሳይታጠብ አይግባ። ለገንዳው የተለዩ ባልዲዎች ይኑሩ፤ በረኪና ከነካው ባልዲ ጋር እንዳይቀላቀሉ ክዳናቸው ላይ ይጻፍባቸው።

የተቀየረውን የጨው ውሃ የት ልድፋ?

ወደ ፍሳሽ። ጓሮ ላይ ከተደፋ ጌሾውንም ጎመኑንም ያደርቃል፤ ቀሃና አንገረብ ወንዝ ውስጥም አይደፋ።

ለጥምቀት እንግዳ ይሞላል፣ ለፋሲካ ደግሞ ገጠር እወርዳለሁ። ማን ይጠብቀዋል?

በእንግዳ ሰሞን ክዳኑን ይቆልፉ። ሕፃናት ለዓሣ ዳቦና ቆሎ መወርወር ይወዳሉ፤ ዓሣም የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል።

ሲሄዱ የእያንዳንዱን ቀን ምግብ በወረቀት ጠቅልለው ቀኑን ይጻፉበት፣ ቀሪውን ቆርቆሮ ይደብቁ። የሚጠብቅልዎ ሰው ከልቡ ቸር ከሆነ አብዝቶ ይሰጣልና። ጤነኛ ዓሣ ሁለት ሦስት ቀን ቢጾም ምንም አይሆንም። ከሁሉ በፊት ለዚያ ሰው መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ በተግባር ያሳዩት፦ ብሬከሩን ራሱ ያውርድ፣ የአየር ፓምፑ መነሳቱን ይይ፣ ኢንቨርተሩን ያብራ፣ ሳምፑ ያሰመሩባት መስመር ላይ መቆሙን ይመልከት። ስልክዎ ኔትወርክ በሌለበት ቢሆን የሚደውልለት የኤሌክትሪሻን ቁጥርም ግድግዳው ላይ ይለጠፍ።